እንግሊዝኛን ማስተማርና በእንግሊዝኛ ማስተማር

ስለ ትምህርት ጥራት በተነሣ ቁጥር አንድ ወቀሳ አይቀርም፦ የዛሬ ተማሪ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ድሮ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ቋንቋውን እንደ ውሃ ይጠጣው ነበር። ወቀሳው ጥፋቱን በተማሪው ስንፍና ወይም በመምህሩ ድክመት ላይ ይጥልና እዚያው ይቆማል። የቋንቋውን የኢትዮጵያ ታሪክ ጊዜ ሰጥቶ ላየው ግን ችግሩ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። እኛ እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ይዘነው አናውቅም። ሒሳቡን፣ ባዮሎጂውን፣ ጂኦግራፊውን ሁሉ እንዲሸከም አደረግነው፤ ሸክሙን ስንጨምርበት ደግሞ ቋንቋውን በቅጡ የሚያስተምር ሰው አብረን አላበዛንም።

እንግሊዝኛ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው በብቸኝነት አልነበረም፤ በቀዳሚነትም አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ሲጀምር ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር፤ ሚዛኑን የሚደፋው ፈረንሳይኛ ነበር። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ንግዱም ዲፕሎማሲውም በዚያው ቋንቋ ይካሄድ ጀመር። በ1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛን አልተወም። ሚዛኑን የገለበጠው ከጣሊያን ጋር የተደረገው ጦርነት ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከስደት ሲመለሱ አማካሪውም፣ መምህሩም፣ መጽሐፉም ከእንግሊዞች ዘንድ መጣ፤ በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውልም ይህን አጠናከረው። ከዚያ በኋላ ከጥቂት የመጀመሪያ ክፍሎች በላይ ያለው ትምህርት በእንግሊዝኛ ሆነ። ለአንድ ሕፃን የሚበጀው የትምህርት ቋንቋ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ በወቅቱ ዋና ጉዳይ አልነበረም። የነበረው ችግር መምህርና መጽሐፍ ከየት ይምጣ የሚል ነበርና መልሱ በእጅ ከተገኘው ተወሰደ። በዚያ ዘመን መሪዎች አልፈርድም፤ ጣሊያን የተማረውን ትውልድ ፈጅቶ ነበርና ጊዜ አልነበራቸውም።

«ድሮ» እየተባለ የሚናፈቀው ዘመን የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ናፍቆቱም እውነትነት አለው። ኮተቤ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ሆነ ከእሱ በኋላ የተቋቋመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ተማሪው በክፍልም፣ በምግብ አዳራሽም፣ በሜዳም ከውጭ አገር መምህራኑ ጋር ይውላል፤ እንግሊዝኛው የኑሮው ቋንቋ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንኳ የመሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊው ሉሲየን ማት ሲሆኑ፣ ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ውጤት የተገኘው በጣት ከሚቆጠሩ ተማሪዎች ነው። በ1955 የትምህርት ዘመን የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች 280 ገደማ ሆነው ሲገቡ የሁለተኛ ደረጃውን የመምህራን ኃይል በእጅጉ መለወጣቸው፣ ዘርፉ ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ ያሳያል። ያንን ዘመን ከዛሬው ሚሊዮኖች ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም።

በ1956 ዓ.ም. ገደማ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን አዲስ ችግር ተወለደ። ተማሪው በሰኔ ስድስተኛ ክፍልን በአማርኛ ይጨርሳል፤ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። የቋንቋ ለውጡ ክብደት የሚገባን ነገሩን ቀርበን ስናየው ነው። በአማርኛ ገላጩ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል፣ ግሡም ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል፤ አንባቢው ግሡ እስኪመጣ መጠበቅን ለምዷል። በእንግሊዝኛው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ግን ግሡ መሐል ላይ አልፎታል፣ ገላጩም ከስሙ በኋላ ተጎትቶ ይመጣል። ፀሐይ ያሞቀችው ውሃ ተንኖ ደመና እንደሚሆን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ፣ ይህንኑ የሚጠይቀውን ዓረፍተ ነገር መፍታት ያቅተዋል። ስለዚህ ኖት ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል። ሽምደዳን የስንፍና ምልክት አድርገን እንነቅፈዋለን እንጂ፣ ላልገባው ቋንቋ የተዳረገ ተማሪ ሌላ መውጫ አልነበረውም።

በደርግ ዘመን የሰላም ጓድ ወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ሰፋ፣ እንግሊዝኛው ግን ከቦታው አልተነሣም። የሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ለአንደኛ ደረጃ መፍቀዱ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ሲያዝ ቋንቋውን ተናግሮ የማያውቅ መምህር ለሕፃናት እንዲያስተምር ተገደደ። በ1997 ዓ.ም. የመጣው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ የዚህ ሁሉ ታሪክ ጥርት ያለ ማሳያ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት ይሠራጭ ነበር፤ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን የሚወስደው የቴሌቪዥኑ መምህር ነበር። ፍጥነቱንም ሆነ አነጋገሩን ተማሪው አልለመደውም ነበር። አልገባኝም ብሎ እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም፤ የክፍሉ መምህር ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። መንግሥት የመምህር እጥረትን ለመሙላት ብዙ ገንዘብ አፍስሷል፤ ያልተሟላው ግን ተማሪው ቋንቋውን ከሰው ጋር የሚለማመድበት ዕድል ነበር።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፦ ልጅ ቋንቋ የሚለምደው በብዛት ሲሰማው ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ መማር ቶሎ ቢጀመር ይሻላል ይባላል። ብዙ ወላጅም ይህን አምኖ ለግል ትምህርት ቤት ከአቅሙ በላይ ይከፍላል። ክልሎቻችን በተግባር የተለያየ መንገድ መያዛቸው ጉዳዩን ለመመርመር ዕድል ሰጥቷል። ኦሮሚያና ትግራይ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲቀጥሉ፣ አማራ ክልል ሒሳብና ሳይንስን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ አዛውሮ ነበር። ካትሊን ሂዩና ባልደረቦቿ ለትምህርት ሚኒስቴር ሠርተው በ1999 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት፣ ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻቸው የተማሩት በአጠቃላይ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። በከተማ ያሉ ልጆች በእንግሊዝኛ ቢበልጡ እንኳ ቋንቋውን ከክፍል ውጭም ያገኙታልና ብልጫውን ለትምህርት ቋንቋው ብቻ መስጠት አይቻልም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት አገር የጋራ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ያስፈልጋታል፣ የሳይንሱ መጽሐፍም በእንግሊዝኛ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ዩኒቨርሲቲውን ነገ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ እናዙር የሚል ሐሳብ የለኝም። መጀመሪያ ግን እንግሊዝኛ ለብቻው፣ በደንብ በሠለጠነ መምህር፣ እየተነገረና እየተሰማ ይሰጥ፤ ሌላውም ትምህርት ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ እየተብራራ ቀስ በቀስ ይሻገር። አሁን ባለው አሠራር እኮ ምን እየለካን እንደሆነ እንኳ መለየት አልቻልንም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ነበሩ። በዚህ ውድቀት ብዙ ምክንያት ተደባልቋል። ሆኖም የፊዚክሱ ጥያቄ በእንግሊዝኛና ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ጎን ለጎን ታትሞ ቢቀርብ፣ የከበደው ፊዚክሱ ይሁን ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ በአንድ የፈተና ወቅት መለየት ይቻል ነበር።