ከኢዋቴ አጭር አገዳ እስከ ሆሳዕና ፓስታ

በጥቅምት መጨረሻ ከሆሳዕና ወጥቶ ወደ ሌሞና ወደ አና ሌሞ ቀበሌዎች የሚዘልቅ ሰው፣ ከየቤቱ ጓሮ የእንሰቱን ሰፊ ቅጠል፣ ከእንሰቱ ወዲያ ደግሞ መቅላት የጀመረ ስንዴ ያያል። የዛሬው ስንዴ አገዳ አጭር ነው። የቀደመው የአገር ስንዴ ግን ረጅም ነበር፤ ማዳበሪያ ሲያገኝ ይበልጥ ይመዘዝና ዛላው ሲከብደው፣ በመኸር መጨረሻ ዝናብና ንፋስ ሲመታው ይጋሸባል፤ የተጋሸበ ስንዴ ደግሞ ግማሹ ለአፈር ነው። ይህን ጣጣ ያስቀረው አጭር አገዳ መነሻው ሰሜን ጃፓን ነው።

ወደ ከተማው ሲመለሱ በየሱቁ መደርደሪያ ሌላ የጃፓን ሥራ ይጠብቃል። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ በጥቂት ደቂቃ የሚያፈላው ኢንዶሚ ስሙ የኢንዶኔዥያ ኩባንያ ነው፤ ሊጡን በክር መልክ ሠርቶ፣ በዘይት አድርቆ፣ በፈላ ውሃ መልሶ የማለስለሱ ዘዴ ግን የተገኘው በኦሳካ አቅራቢያ ነው። በስንዴውና በኢንዶሚው መካከል ደግሞ ከኢጣሊያ የመጣው ፓስታ አለ። ስለ ጃፓን የኑድል ዓይነቶች ለሆሳዕናና ለዱራሜ አንባቢ መጻፍ ሩቅ አገር መሄድ የሚመስለው ካለ፣ የማሳው ታሪክ ሐሳቡን ያስለውጠዋል ብዬ አምናለሁ።

የሀዲያና የከምባታ ማዕድ መሠረቱ እንሰት ነው። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል፤ ሴቶች ይፍቁታል፣ በጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፣ ከዚያ ቆጮ ይጋገራል፤ ከቡላው ደግሞ በቅቤ የሚሠራው አታካና ለክብር እንግዳና ለያሆዴ በዓል ይቀርባል። ስንዴና ገብስ በዳቦ፣ በቅንጬ፣ በንፍሮና በቆሎ መልክ ከእንሰቱ ጎን ቦታ ነበራቸው። ሊጥን አድርቆ፣ ለወራት አስቀምጦ መቀቀል ግን ለአካባቢው እንግዳ ነበር። እንግዳ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ለዓመታት ጓሮ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ሲያስፈልግ የሚቆረጥ ምግብ ያለው ሕዝብ የደረቀ ስንቅ አያስጨንቀውም።

ጃፓኖችን ወደ ኑድል የመራቸው የየአካባቢያቸው አፈርና ዝናብ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በዚያ ዘመን የእኛ ሊቃውንት ጃፓንን የሚመለከቱት ራሷን ሳትለቅ የሠለጠነች አገር አድርገው ነበር። ፋብሪካዋና የጦር መርከቧ ብዙ ተነግሮላቸዋል፤ ያኔም ከፋብሪካው ጎን እያንዳንዱ አውራጃ የራሱን ኑድል በራሱ እህል ሲሠራ መቆየቱን ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም።

በሺኮኩ ደሴት የሚገኘውን ካጋዋን እንመልከት። ድሮ ሳኑኪ ይባል ነበር። ዝናብ ያንሰዋል፤ ገበሬው በሺዎች የሚቆጠሩ ኩሬዎች ቆፍሮ ሩዙን ያጠጣል፤ ሩዙ ሲታጨድ በዚያው ማሳ ስንዴ ይዘራል። ከባሕሩ ዳርቻ ጨው፣ ከአጠገቡ ካለችው ሾዶሺማ ደሴት የአኩሪ አተር ሶስ፣ ከባሕሩ ደግሞ ለመረቅ የሚሆን ትንንሽ የደረቀ ዓሣ ያገኛል። ስንዴ፣ ጨው፣ ሶስና ዓሣ በአንድ አካባቢ ሲገናኙ የሳኑኪ ኡዶን ተወለደ። ኡዶን ወፍራምና ነጭ ነው፤ ዱቄቱ በጨው ውሃ ይለወስና ሊጡ በጨርቅ ተሸፍኖ በእግር ይረገጣል፤ አርፎ ይዳመጣል፣ ይታጠፋል፣ በቢላ ይከተፋል። ሲታኘክ የሚሰጠው ተቃውሞ የእግሩ ሥራ ውጤት ነው።

ናጋኖን በመሰሉ ተራራማ አውራጃዎች ታሪኩ ሌላ ነው። ብርዱ ለሩዝ አይመችም፤ ሁለት ወር ተኩል በማይሞላ ጊዜ የሚደርሰው ባክዊት ግን ይበቅላል። ባክዊት ከስንዴ ጋር ዝምድና የለውም፤ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን ስለሌለው ብዙ ጊዜ ጥቂት የስንዴ ዱቄት ይጨመርበታል። ከእሱ የሚሠራው ቡናማውና ቀጭኑ ሶባ ነው። ሶባ ከተራራው ወርዶ የዛሬዋ ቶኪዮ በነበረችው በኤዶ የሠራተኛው ምግብ ሆነ፤ ጃፓኖች ዛሬም የዓመቱን የመጨረሻ ምሽት በሶባ ያሳልፋሉ። ሶሜን ደግሞ ከስንዴ የሚሠራ እጅግ ቀጭን ኑድል ነው፤ በቢላ አይከተፍም፣ በዘይት እየተቀባ በእጅ እየተሳበ ይቀጥናል፤ በክረምት ብርድ ተሠርቶ በበጋ ሙቀት ቀዝቅዞ ይበላል። በአኪታ የኢናኒዋ ኡዶን የሚባለውም በእጅ የሚሳብ ነው። ራመን የሁሉም ታናሽ ነው፤ ዮኮሃማን በመሰሉ የወደብ ከተሞች የሰፈሩ ቻይናውያን ያመጡት ሲሆን፣ ቢጫ ቀለሙንና የሚለጠጥ ጠባዩን ያገኘው ሊጡ ውስጥ ከሚገባው አልካላይ ጨው ነው።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያስቀናኝ የዓይነቱ ብዛት አይደለም። አንድ ገጠር በሚያበቅለው እህል ላይ ተመሥርቶ በራሱ ስም የሚጠራ ምግብ ማቆየቱ ነው።

አሁን ወደ አጭሩ አገዳ እንመለስ። በሰሜን ጃፓን ኢዋቴ አውራጃ የሚሠራው የስንዴ አዳቃይ ጎንጂሮ ኢናዙካ ለዓመታት ሲመርጥ የቆየውን ዘር እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበሬው አወጣ፤ ስሙ ኖሪን 10 ተባለ። ዳሩማ የሚባለው አጭሩ የጃፓን ስንዴ ከአሜሪካ ስንዴዎች ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ በጃፓን የነበረው አሜሪካዊው የግብርና ባለሙያ ሳልመን ዘሩን ወደ አገሩ ላከ። በዋሽንግተን ግዛት ኦርቪል ቮገል አዳቀለው፤ ከዚያ ሜክሲኮ ይሠራ ከነበረው ከኖርማን ቦርሎግ እጅ ገባ። ቦርሎግ አጭሩን አገዳ ዋግን ከሚቋቋሙ የሜክሲኮ ስንዴዎች ጋር አዋህዶ እ.ኤ.አ. በ1962 አዳዲስ ዝርያዎች አወጣ። አገዳው አጭር ስለሆነ ማዳበሪያው ወደ ቁመት ሳይሆን ወደ ፍሬ ይሄዳል፤ ዛላው ቢከብድም አይጋሸብም። ሕንድና ፓኪስታን በዚህ ዘር ምርታቸውን አባዙ፤ ቦርሎግም እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። የኢናዙካን ስም የሚያነሣ ግን ዛሬም ጥቂት ነው፤ ይህ ፍትሕ የጎደለው መዘንጋት ነው።

ኩብሳና ደንደአን የመሰሉ፣ የኢትዮጵያ ገበሬ በስም የሚያውቃቸው የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች የተመረጡት ሜክሲኮ ካለው የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል ከመጡ ዘሮች ነው። አጭሩ አገዳቸው ከዚያው የጃፓን ስንዴ የወረዱ ዘረ መሎች ሥራ ነው።

ዘሩ ወደ ገበሬው ማሳ በደረሰበት መንገድም ጃፓን አለች። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ጃፓናዊው ባለሀብት ርዮይቺ ሳሳካዋ፣ ጂሚ ካርተርና ቦርሎግ ተገናኝተው ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሚባለውን መርሐ ግብር መሠረቱ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1985 ዓ.ም. ሲሆን የቀድሞው ደቡብ ክልልም ከሥራ ቦታዎቹ አንዱ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ገበሬው ከራሱ መሬት ግማሽ ሄክታር ያህል ይመድባል፤ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ በብድር ይሰጠዋል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አብሮት ይቆማል፤ ጎረቤት መጥቶ ያያል። መንግሥት በ1987 ዓ.ም. አሠራሩን የራሱ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም አደረገው። «ፓኬጅ» የሚለው ቃል በየገጠሩ የተለመደው ያኔ ነው። ዘሩ ሁልጊዜ አልተሳካም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በተነሣ ጊዜ ኩብሳ ክፉኛ ተመታ። ያም ሆኖ የሀዲያና የከምባታ ደጋ ስንዴ አምራች ሆኖ የቀጠለው በዚህ ዘርና በዚህ አሠራር ነው።

ፓስታ ወደ ኢትዮጵያ በስፋት የገባው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። በ1930 ዓ.ም. ገደማ ኢጣሊያኖች ቃሊቲ ላይ ለጦሩ ብስኩት፣ ዳቦና ፓስታ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ፋብሪካው ከነጻነት በኋላም በሌሎች እጅ ሥራውን ቀጠለ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን የስንዴ ጎተራው ሊያደርግ አቅዶ ነበር፤ ነገር ግን አርበኛው በዱር፣ ገበሬው በማሳው ስላልተመቸው ሠራዊቱንና ሰፋሪውን ለማብላት ስንዴ ከውጭ ማስገባት ግድ ሆነበት። ወራሪው ሲወጣ ፓስታው ቀረ። ቀርቶም የእኛ ሆነ። ስጎው በርበሬ ገባበት፤ በእንጀራ ይቀርባል፣ በእጅ ይጎረሳል፤ ለጾመኛው ያለ ቅቤ በቲማቲምና በዘይት፣ ለሌላው በሥጋ። ሆሳዕና ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙ አብረው የሚኖሩባት ከተማ እንደመሆኗ፣ ለማናቸውም ሳያስቸግር የሚቀርብ ምግብ ማግኘቷ ቀላል ነገር አይደለም።

የጥሩ ፓስታ ሚስጥር ግን ስጎው ላይ የለም። ፓስታ የሚወደው የማካሮኒ ስንዴ የሚባለውን ዱረምን ነው። ፍሬው ጠንካራና መስታወት መሰል፣ ሆዱ ቢጫ ነው፤ ሲፈጭ ሰሞሊና የሚባል ሻካራ ዱቄት ይወጣዋል፤ ሲቀቀል አይላቆጥም። በዳቦ ስንዴ የተሠራ ፓስታ ትንሽ ሲቆይ የሚሟሟው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በዱረም ዓይነት ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎች አንዷ ናት። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. መጥቶ፣ ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ አገሪቱን በበቅሎ አቋርጦ ሲያልፍ የእኛ ስንዴ ብዛት አስደንቆታል፤ አክሱም አካባቢ በሌላ ዓለም ያላየውን ጢም የሌለው ዱረም አገኘ። ከእሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዶክተር መላኩ ወረደ የአገሪቱን የዘር ባንክ መርተው፣ የሸዋ ገበሬዎች የራሳቸውን የዱረም ዘር በየማሳቸው እንዲጠብቁ አደረጉ፤ ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ይህ ሁሉ ሀብት እያለ የፓስታ ፋብሪካዎቻችን ለረጅም ጊዜ ዱረምን ከውጭ ሲያስመጡ ወይም በዳቦ ስንዴ ሲሠሩ መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ኢንዶሚ ይህን ክፍተት አይደፍንም። የፈጣን ኑድልን ዘዴ ያገኘው ሞሞፉኩ አንዶ ከጦርነቱ በኋላ በኦሳካ ለአንድ ሳህን ራመን በብርድ የተሰለፈ ሕዝብ አይቶ ነው በኢኬዳ ከተማ ከቤቱ ጓሮ ባለች ጎጆ ሙከራ የጀመረው። የጃፓን ወደቦች የአሜሪካ ስንዴ እርዳታ በሚያራግፉበት ዘመን ነበር። ሊጡ በዘይት ሲጠበስ ውሃው በትነት ወጥቶ ጥቃቅን ቀዳዳ እንደሚተው፣ ቀዳዳው በኋላ የፈላ ውሃን እንደሚስብ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1958 ለገበያ ያወጣው ኑድል መጀመሪያ ውድ ነበር፤ ዛሬ የዓለም ሕዝብ በዓመት ከ100 ቢሊዮን በላይ እሽግ ይበላል። የአንዶ ሐሳብ የራብ ጊዜ ሐሳብ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ጨውና ዘይት የበዛበት እሽግ የልጆች የየቀን ምሳ ሲሆን፣ እዚያው በሌሞ ማሳ የታጨደው ስንዴ ደግሞ በኩንታል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ወፍጮ ሲሄድ፣ ትርፉ ከገበሬውም ከከተማውም እጅ ያመልጣል።

የተሻለ መንገድ በሀገር ውስጥ ተሞክሯል። በባሌ የኢጣሊያ ትብብር ባገዘው ፕሮጀክት ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ዱረም ዘሩ፤ ለጥራቱ ከዳቦ ስንዴ የበለጠ ዋጋ ተከፍሏቸው በቀጥታ ለፓስታ ፋብሪካዎች ሸጡ። ሆሳዕና ሊቻ ሀዲያ፣ ዱራሜ ደግሞ አምበሪቾ የሚባሉ የገበሬዎች ዩኒየኖች አሏቸው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በከተማው አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ደግሞ ባለፉት አሥርት ዓመታት ያወጣቸው የዱረም ዝርያዎች በእጅ ናቸው። እንግዲህ ለእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ጥያቄ አንድና ቀጥተኛ ነው፤ ከእነዚያ ዝርያዎች መካከል በሌሞ፣ በዱናና በአንጋጫ አፈር ተዘርቶ፣ ዋግ ተቋቁሞ፣ ፓስታ የሚፈልገውን 13 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይዞ የሚታጨደው የትኛው ነው?