የሚወደድ እንግዳ፣ የማይታመን ምስክር፦ ከታርቱፍ እስከ ሎይስ ደንከን



የዛሬው ርእሴ ለአንድ የታሪክ መምህር ቀላል መስሎ ሊታይ እንደሚችል አውቃለሁ፤ መነሻዬ በአሜሪካ ለታዳጊዎች የተጻፈ አንድ ልብ ወለድና በውስጡ ያለች አንዲት እንግዳ ናት። ሆኖም ከዚያች እንግዳ በስተጀርባ የእኛ ሙያ ዘወትር የሚጋፈጠው ጥያቄ አለ፦ በአንድ ቤት ውስጥ ማን ሲናገር ይታመናል? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ልብ ወለዱ ሎይስ ደንከን በ1976 ያሳተመችው «የፍርሃት በጋ» ነው። ታሪኩን የምትተርከው ሬቸል የምትባል ታዳጊ ናት። አክስቷና የአክስቷ ባል በመኪና አደጋ ይሞቱና ወላጅ አልባ የሆነችው ልጃቸው ጁሊያ ወደ ሬቸል ቤት ትመጣለች። ቤተሰቡ ኀዘንተኛዪቱን በፍቅር ይቀበላታል። ጁሊያ ትሑት ናት፣ ታዛዥ ናት፣ ለሁሉም የሚስማማ ቃል አታጣም። ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ግን የሬቸል ውሻ ይሞታል፤ ሬቸል ልትሄድበት በጓጓችለት የዳንስ ግብዣ ዋዜማ ቆዳዋን ሽፍታ ይወርሰዋል፤ በእርሷ ፈንታ ከወዳጇ ከማይክ ጋር ወደ ግብዣው የምትሄደውም ጁሊያ ትሆናለች። የልብ ጓደኛዋም፣ ወንድሟም፣ በመጨረሻም አባቷ ወደ እንግዳዪቱ ያደላሉ። ሬቸል «ይህቺ ልጅ እንደምታስቡት አይደለችም» ባለች ቁጥር የምታገኘው መልስ አንድ ነው፦ ቀንተሽ ነው።

እዚህ ላይ የጁሊያን ስልት ልብ እንበል። የምትዋሸው በጣም ጥቂት ነው። ኃይሏ የሚመነጨው ከሁለት መልካም ነገሮች፣ ማለትም ከቤተሰቡ ርኅራኄና ከእንግዳ አክባሪነቱ ነው። ለሐዘንተኛ ማዘን ተገቢ ነው፤ የምትቀና ልጅን መገሠጽም የወላጅ ወግ ነው። ወላጆቹ ክፉዎች ስለሆኑ አልተታለሉም፤ ደጎች ሆነው ሳለ ልጃቸውን ሳይጠይቁ ፈረዱባት እንጂ።

ይህ ልብ ወለድ በዚያ ዘመን መውጣቱ በአጋጣሚ አይደለም። በአሜሪካ ለታዳጊዎች ተብሎ የሚጻፈው ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ የጎለመሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ኤስ ኢ ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» የተባለውን ድርሰቷን በ1967 ስታሳትም ገና ወጣት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ታዳጊው የሚመከርና የሚገሠጽ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ያየውን በራሱ አንደበት የሚናገር ተራኪ ሆነ። «የፍርሃት በጋ» በ1978 በዌስ ክሬቨን አዘጋጅነት ወደ ቴሌቪዥን ፊልም ሲቀየርም የብዙኀኑን ቀልብ የሳበው አስማቱ ብቻ አይመስለኝም፤ እውነቱን የያዘችው የቤቱ ትንሽ ሰው መሆኗም ጭምር ነው።

እንግዳው ግን ከልብ ወለዱ በብዙ ይቀድማል። ሞልዬር ታርቱፍን በቬርሳይ ቤተ መንግሥት በሉዊ 14ኛ ፊት ያሳየው በ1664 ነው። ኦርጎን የተባለ የተከበረ ባለ ሀብት በጸሎቱ የማረከውን ታርቱፍን ቤቱ ያስገባዋል። የኦርጎን ልጅ ዳሚስ እንግዳው የእንጀራ እናቱን ሊያባብል ሲሞክር በጆሮው ይሰማና ለአባቱ ይናገራል። ታርቱፍ ይክዳል ብለን እንጠብቃለን፤ እርሱ ግን አይክድም። ጎንበስ ብሎ የኃጢአተኞች ሁሉ ኃጢአተኛ መሆኑን ይናዘዛል። አባት በዚህ ትሕትና ልቡ ይነካና ልጁን ከውርስ ነቅሎ ሀብቱን ለእንግዳው ያወርሳል። ተውኔቱ በአደባባይ እንዳይታይ ታግዶ ፈቃድ ያገኘው ከብዙ ውዝግብ በኋላ በ1669 ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ከሁሉ ቀድማ እንግዳውን ያወቀችው ዶሪን ናት፤ ዶሪን ደግሞ የቤት ሠራተኛ ናት።

በሁለቱ ድርሰቶች መካከል ያለው ልዩነት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። በሞልዬር ዘንድ ሠራተኛዪቱ እውነቱን ታያለች። በደንከን ዘንድ ደግሞ፣ መጨረሻውን ለማታውቁት ይቅርታ እጠይቃለሁና፣ ጁሊያ ነኝ ያለችው እንግዳ የእውነተኛዪቱ ጁሊያ ቤተሰብ ሠራተኛ የነበረችና በጥንቆላ ኃይል የምትሠራ ሴት ሆና ትገኛለች። ደራሲዋ ለታዳጊዪቱ አንደበት ሰጠች፤ ጥርጣሬው ግን በሠራተኛዪቱ ላይ አረፈ። የማይታመኑት ሰዎች ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ቦታው ራሱ ባዶ አልቀረም።

«እንግዲያው ልጆችን እንመን» የሚል ሰው ቢኖር ደግሞ የሴለምን ታሪክ አስታውሰዋለሁ። በ1692 በማሳቹሴትስ፣ በሰባኪው በሳሙኤል ፓሪስ ቤት የጀመረው ክስ የቆመው በልጃገረዶች ምስክርነት ላይ ነበር። ልጃገረዶቹ ታመኑ። በዚያው ዓመት 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ አዛውንት በድንጋይ ክምር ተጭነው ሞቱ፤ ሌሎችም በእስር ቤት ሕይወታቸው አለፈ። በመጀመሪያ ከተከሰሱት ሦስት ሴቶች አንዷ በዚያው ቤት በባርነት የምታገለግለው ቲቱባ ነበረች፤ ሌላዋ ደግሞ ለምና የምታድር ድኻ። ያ ፍርድ ቤት የልጃገረዶቹን ቃል ሰማ፤ ሊመረምረው ግን አልወደደም። የደንከን ሬቸል ከሴለም ልጃገረዶች የምትለየው በዚህ ነው፤ ማስረጃ ትፈልጋለች፣ ጎረቤቷን ሊቅ ትጠይቃለች፣ የራሷን ቅናት ሳይቀር ትመረምራለች።

ስለ ቤትና ስለ እንግዳ ይህን ያህል ካወራሁ ዘንድ፣ ይህን ርእስ ለምን እንደመረጥሁ መደበቅ አልችልም። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የአባቴ ወገን የሆነ ሰው ለሕክምና መጥቶ እኛ ቤት ሦስት ወር ያህል ተቀመጠ። «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለን ሰው እንኳ ማንነቱን ሳይጠይቁ ማሳደር ወግ በሆነበት አገር፣ ዘመድማ እንዴት ይመረመራል! ለአያቴ በየማለዳው ዳዊት ይደግምላታል፤ እኔን ሒሳብ ያስጠናኛል፤ ከእናቴ ወጥ የማያመሰግነው አልነበረም። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል የአባቴን ሬዲዮ በጋቢው ሸፍኖ ሲወጣ አየሁት። ሲመለስ ሬዲዮው አልነበረም። ለእናቴ ነገርኋት። «እንግዳ አይታማም» አለችኝ።

በማግስቱ የተጠየቀችው የቤት ሠራተኛችን ነበረች። ማልቀሷን እንጂ የተናገረችውን የሰማ አልነበረም። የወር ደሞዟ ተይዞባት ተሰናበተች። እንግዳው ራሱ «ተዉአት፣ ድኻ ናት» እያለ ሲማልድላት አስታውሳለሁ፤ ቤተሰቤም በደግነቱ ይበልጥ ወደደው። እኔ ግን ለሁለተኛ ጊዜ አልተናገርሁም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እናቴ አለማመኗ ሳይሆን የእኔው ዝምታ ነው። ታርቱፍን በዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ዳሚስ የተባረረበት ክፍል ላይ መጽሐፉን አጥፌ የተቀመጥሁት በዚህ ምክንያት ነበር።

ደንከንም ከድርሰቷ ውጭ ይህንኑ ጥያቄ ተጋፍጣለች። በ1989 የ18 ዓመት ልጇ በአልበከርኪ ከተማ መኪና እየነዳች ሳለ በጥይት ተመትታ ሞተች። እናቲቱ የፖሊስን ማብራሪያ አልተቀበለችም፤ በራሷ መረጃ ማሰባሰብ ጀመረች፤ በ1992 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመች። የማይሰማ ምስክር ታሪክ የጻፈችው ሴት በ2016 እስክታርፍ ድረስ ራሷ «ስሙኝ» ባይ ሆነች።

ውድ ተማሪዎች፣ የእኛም ሙያ እንግዳ ይቀበላል። በደንብ የተጻፈ ዜና መዋዕል፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌ፣ እነዚህ ሁሉ ደጃችንን ሲያንኳኩ በክብር እናስገባቸዋለን፤ ማስገባታችንም ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ካስገባን በኋላ የቀሩትን የቤቱን ሰዎች መጠየቅ መተዋችን ነው። በዚህ ሴሚስተር የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስታዘጋጁ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ደስ ያሰኛችሁን ሰነድ ባገኛችሁ ጊዜ፣ በዚያ ሰነድ ውስጥ ስሟ የተጠቀሰች ነገር ግን ቃሏ ያልተመዘገበ ሠራተኛ፣ ልጅ ወይም ጭሰኛ እንዳለ ፈልጉ። ካገኛችሁም ቃሉን የምታገኙበትን ሌላ መንገድ ሞክሩ፤ ስታገኙትም እንደ ሌላው ሰነድ ሁሉ መርምሩት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።