አሥር ሰከንድና ሦስት ቦታ

ስሙኝማ! ቀኑ ሐምሌ 11፣ 2013 ዓ.ም.፤ ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ሲልቨርስቶን። በፎርሙላ ዋን ሻምፒዮና ማክስ ቨርስታፐን ሉዊስ ሃሚልተንን በ33 ነጥብ ይመራል። የመነሻው መብራት ጠፋ፤ ሁለቱ ጎማ ለጎማ ተያይዘው ነጎዱ። ኮፕስ ከሚባለው ፈጣን ኩርባ ሲደርሱ ሃሚልተን በውስጥ በኩል ገባ። የግራ የፊት ጎማው የቨርስታፐንን የቀኝ የኋላ ጎማ ነካ። አለቀ! መኪናዋ ተሽከረከረች፣ ጠጠሩን ሰንጥቃ ከጎማ ክምሩ ጋር ተላተመች። ምቱ 51 ጂ፣ ማለትም የምድር ስበት 51 እጥፍ ሆኖ ተለካ። ቨርስታፐን በእግሩ ቢወጣም ለምርመራ ሆስፒታል ወሰዱት።

ዳኞቹ ጥፋቱ ባመዛኙ የሃሚልተን ነው አሉ። ቅጣቱስ? አሥር ሰከንድ! ጎማ ሊቀይር ሲገባ አሥሯን ቆሞ ከፈለ፣ ወጣ፣ ያሳድድ ጀመር። ከ52ቱ ዙር በ50ኛው መሪውን ሻርል ለክሌርን አለፈው። የት መሰላችሁ? እዚያው ኮፕስ ላይ! አሸነፈ፤ 33 የነበረው ልዩነት 8 ሆነ። የቨርስታፐን ቡድን ሬድ ቡል «ፍርዱ እንደገና ይታይልን» ቢል አቤቱታው ውድቅ ተደረገ።

ዳኛ የሚመዝነው ድርጊቱን እንጂ መዘዙን አይደለም ይባላል። ይሁን፣ እኔም እቀበላለሁ። ግን አሥር ሰከንድ ለፈጣን መኪና ምኗ ነው? መሀል ላይ ለሚዳክር ሾፌር እኮ የቀኑን ነጥብ ጠራርጋ ትወስዳለች።

ደግሞ የጣሊያኗን ሞንዛ ስሙ። በእኛ የእንቁጣጣሽ ማግስት ነው፣ መስከረም 2። ሃሚልተን ጎማ ቀይሮ ሲወጣ ቨርስታፐን ደረሰበት። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አልለቅ፣ አልለቅ ተባባሉና የቨርስታፐን መኪና ተነሥታ ሃሚልተን ላይ ወጣች። የኋላ ጎማዋ ራስ ቁሩን ነካው! ከሾፌሩ ራስ በላይ ያለው ሄሎ የሚሉት ቅስት ባይሸከማት ኖሮ... ብቻ ተዉት።

አሁን ባመዛኙ ጥፋተኛው ቨርስታፐን ሆነ። በመወዳደሪያ ፈቃዱ ላይ 2 የቅጣት ነጥብ ተጻፈበት፤ ሃሚልተንም በሲልቨርስቶን የተጻፈበት ያው 2 ነበር። እስከዚህ እኩል ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም መኪኖች ቆመዋል፤ ከውድድር የወጣ ሰው ሰከንድ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ስለዚህ በቀጣዩ ውድድር፣ በሩሲያዋ ሶቺ፣ ከመነሻው ሦስት ቦታ ወደ ኋላ እንዲል ተፈረደበት።

የሬድ ቡል ሰዎች ምን አደረጉ? ሶቺ ላይ አዲስ ሞተር ገጠሙለት። ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ሞተር የቀየረ እንደሆነ መነሻው ከሁሉ ኋላ ነው፤ ሦስቷ ቦታ እዚያው ውስጥ ሰጠመች። 20ኛ ሆኖ ተነሣ፤ 2ኛ ሆኖ ገባ።