አባ አንድሪው ግሪሊ፦ ሃይማኖት፣ ግብረ ገብና የአካባቢ ጥበቃ በአኃዝ ሲፈተሹ

ሃይማኖተኛ ሰው ለአካባቢ ጥበቃ እምብዛም አይጨነቅም የሚለው አስተያየት በምዕራባውያን ምሁራን ዘንድ ለበርካታ ዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ይህን አስተያየት በሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ከመረመሩት ባለሙያዎች መካከል አሜሪካዊው የካቶሊክ ካህንና የሶሲዮሎጂ ባለሙያ አባ አንድሪው ግሪሊ ይጠቀሳሉ። በዚህ ጽሑፍ የቀረቡት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክርክሩ መነሻ የታሪክ ምሁሩ ሊን ዋይት በ1967 በሳይንስ መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ምሁሩ በተለይ የምዕራቡ ክርስትና ሰውን ከተፈጥሮ በላይ አድርጎ በማስቀመጡና ተፈጥሮን ለሰው አገልግሎት የተፈጠረች አድርጎ በማየቱ፣ ለሥነ ምኅዳር ቀውስ ከባድ ኃላፊነት እንዳለበት አመለከቱ። ዋይት ማስረጃቸውን ያሰባሰቡት ከመካከለኛው ዘመን ታሪክ ነበር። የዛሬው ተራ ምእመን በእርግጥ እንዲህ ያስባል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በታሪክ መዛግብት ብቻ የሚመለስ አልነበረም። ዳግላስ ኤክበርግና ጂን ብሎከር በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት የቱልሳ ከተማ ነዋሪዎችን በስልክ በመጠየቅ በ1989 ያወጡት ጥናት የዋይትን ሐሳብ የሚደግፍ ሆኖ ተገኘ።

አባ ግሪሊ በ1993 የራሳቸውን ጥናት ያሳተሙት ከዚህ በኋላ ነው። የተጠቀሙበት መረጃ ብሔራዊ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ማዕከል ከ1972 ጀምሮ በመላው ዩናይትድ ስቴትስ ሲያካሂደው ከቆየው ጠቅላላ ማኅበራዊ ጥናት የተገኘ ሲሆን፣ የተመረጠውም የ1988ቱ ዙር ነው። በመጠይቁ ተሳታፊዎች አገሪቱ ለአካባቢ ጥበቃ የምታውለው ገንዘብ ከመጠን ያለፈ፣ በቂ ወይስ አነስተኛ እንደሆነ ይጠየቁ ነበር።

የመጀመሪያው ውጤት የዋይትን ክስ ያጸና ይመስል ነበር። ክርስቲያን መሆን፣ በእግዚአብሔር መኖር ላይ ጽኑ እምነት መያዝና መጽሐፍ ቅዱስን ቃል በቃል መረዳት ለአካባቢ ካለ ዝቅተኛ አሳቢነት ጋር ተያይዘው ታዩ። የአካባቢ ጥበቃ መልእክት የሚያዘጋጅ አንድ የሥራ ኃላፊ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ምእመናንን ከሥራው አጋርነት ይልቅ በእንቅፋትነት ሊመዘግባቸው ይችል ነበር።

አባ ግሪሊ ግን በዚህ አላበቁም። በመጀመሪያ ደረጃ ካቶሊካውያን ክርስቲያን ሆነው ሳለ ለአካባቢ ጥበቃ የተሻለ ድጋፍ ማሳየታቸው መልስ የሚሻ ነገር ነበር። ባለሙያው ሰው ስለ እግዚአብሔር በልቡ የያዘውን ሥዕል የሚለካ መሣሪያ ቀደም ሲል አዘጋጅተው ነበር። መሣሪያው ቀላል ነው። ተጠያቂው አራት ጥንድ ቃላት ይቀርቡለታል፤ እነርሱም አባትና እናት፣ ጌታና የትዳር ጓደኛ፣ ዳኛና አፍቃሪ፣ ንጉሥና ወዳጅ ናቸው። በእያንዳንዱ ጥንድ መካከል ከ1 እስከ 7 ባለው መለኪያ ላይ ለእርሱ የሚቀርበውን ቦታ ያመለክታል። እናት፣ የትዳር ጓደኛ፣ አፍቃሪና ወዳጅ ወደሚሉት ያደሉ ሰዎች እግዚአብሔርን በቸርነቱ የሚያስቡ ተብለው ይመደባሉ።

ይህ መለኪያ ከተጠያቂዎቹ የፖለቲካና የግብረ ገብ ጥብቅነት ጋር በስሌቱ ውስጥ ሲገባ ውጤቱ ተለወጠ። ተመሳሳይ የፖለቲካ አቋምና ተመሳሳይ የግብረ ገብ ጥብቅነት ያላቸው ሰዎች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ቃል በቃል በመረዳትና ባለመረዳት መካከል የነበረው ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን ትርጉም አጣ። በሌላ አነጋገር፣ በሃይማኖት ስም የተመዘገበው ቸልተኝነት በአብዛኛው የግትርነት ውጤት ነበር ማለት ነው። እግዚአብሔርን በቸርነቱ የሚያስቡት ደግሞ ለአካባቢ ጥበቃ ወጪ የተሻለ ድጋፍ ነበራቸው።

በ1928 በኢሊኖይ ኦክ ፓርክ የተወለዱት አባ ግሪሊ በ1954 ክህነት ተቀብለው በቺካጎ ደብር ሲያገለግሉ ቆይተው፣ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1962 አገኙ። ሁሉም የሚቀበለውን አባባል በአኃዝ የመፈተሽ ልማዳቸው የጀመረው ያኔ ነው። ካቶሊካውያን ለምሁራዊ ሥራ ዝንባሌ የላቸውም ይባል ነበርና፣ በ1961 ከኮሌጅ የተመረቁ ወጣቶችን መረጃ መርምረው አባባሉ ማስረጃ እንደሌለው በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ አሳዩ።

ይኸው ልማድ ከገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው አመራር ጋርም አጋጭቷቸዋል። የአሜሪካ ጳጳሳት ስለ ካህናት ሕይወት እንዲጠና ባዘዙት መሠረት የተሠራውና በ1972 የታተመው ጥናት ለአመራሩ የማይመች ሐቅ ይዞ ቀረበ። በ1976 ደግሞ የምእመናን ቁጥርና ስጦታ ያሽቆለቆለው በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሳይሆን፣ በ1968 የወሊድ መቆጣጠሪያን በከለከለው የጳጳሱ መልእክት ምክንያት መሆኑን ከባልደረቦቻቸው ጋር ጻፉ። ካህኑን ትችታቸው ከክህነታቸው አላወጣቸውም፤ እርሳቸውም ለመውጣት አልፈለጉም። ከልብ ወለድ መጻሕፍቶቻቸው ካገኙት ገቢ በ1986 ለቺካጎ ሀገረ ስብከት ትምህርት ቤቶች 1 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ጠይቀው ሀገረ ስብከቱ አልተቀበላቸውም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ መምህርነት ሳያገኙ ቀርተው ከ1978 ጀምሮ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሲሆን፣ ወደ ቺካጎ በፕሮፌሰርነት የተመለሱት በ1991 ነው።

የ1993ቱ ጥናት ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የአካባቢ አሳቢነት የተለካው ስለ መንግሥት ወጪ በቀረበ አንድ ጥያቄ ነው፤ መንግሥት ይክፈል ማለትና የራስን አኗኗር ማስተካከል ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ኤክበርግና ብሎከርም በ1993ቱ ዙር የተካተቱትን ሰፋ ያሉ ጥያቄዎች ተጠቅመው በ1996 ባወጡት ጽሑፍ የጥብቅ እምነት ጉዳይ ገና ማብራሪያ እንደሚሻ ተከራክረዋል። መረጃው የአሜሪካውያን ብቻ በመሆኑም፣ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ደን ጠብቀው ስለኖሩ ምእመናን ለመናገር በእርሱ መጠቀም አይቻልም።

አባ ግሪሊ በኖቬምበር 2008 ከታክሲ ሲወርዱ ካፖርታቸው በበሩ ተይዞ በመውደቃቸው በጭንቅላታቸው ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ሙሉ በሙሉ ሳያገግሙም ሜይ 29 ቀን 2013 በ85 ዓመታቸው በቺካጎ ዐረፉ።