ለቁራጭ ጨርቅ ስፌት የቱ ካውያ ይሻላል? ደረቁ ወይስ የእንፋሎቱ?

ስፌት ማሽን ሊገዛ የወጣ ሰው አሥር ሱቅ ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ሰው ያማክራል። ካውያ ሲሆን ግን ያማረውንና ብዙ ቁልፍ ያለውን አንስቶ ይሄዳል። ቁራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ የአልጋ ልብስ፣ የትራስ ልብስ ወይም የሕፃን መጠቅለያ ለሚሰፋ ሰው ካውያው ከማሽኑ ያላነሰ ሥራ ይሠራል። በተለይ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን በእረፍት ቀናችሁ ስፌት የምትለማመዱ ወይም አገር ቤት ገብታችሁ በስፌት ለመተዳደር የምታስቡ ከሆነ፣ ድርሃማችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

አጭሩ መልስ እንዲህ ነው፦ ለቁራጭ ጨርቅ ስፌት ደረቅ ካውያ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ዋጋውም ይቀንሳል። የእንፋሎት ካውያ ቀድሞ ካላችሁ ግን ሌላ መግዛት የግድ አይደለም። ውሃውን ደፍታችሁ፣ እንፋሎቱን ዘግታችሁ በእሱ መጀመር ትችላላችሁ። ምክንያቱን እንይ።

ሥራው ምን ዓይነት ነው?

በአገራችን ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየተደረበ የተሰፋ ነገር «ድሪቶ» ይባላል። ስሙም ከችግር ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ የምናወራው ግን በልክ ተቆርጦ፣ ቀለሙ ተመርጦ ስለሚሰፋው ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ንብርብር አለው፤ ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ መሃል ላይ የጥጥ ወይም የፖሊስተር ሙሌት፣ ከታች ገበር። ሦስቱ አንድ ላይ በስፌት ይያያዛሉ። እኛ ኮምፈርት የምንለው የአልጋ ልብስ የዚሁ ዘመድ ነው።

ሥራው ልክ ይፈልጋል። ብዙ ሰፊዎች ለስፌት የሚተዉት ዳር 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአንድ መስመር 12 ቁራጭ ብትገጥሙ 11 ስፌት ይኖራል። እያንዳንዱ ስፌት ላይ ጨርቁ 1 ሚሊ ሜትር ቢለጠጥ መስመሩ በ11 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ያን ጊዜ ከጎኑ ካለው መስመር ጋር ማዕዘን ለማዕዘን አይገጥምም። ጥፋቱ የማሽኑ ይመስላችኋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የካውያው ነው።

እንፋሎት ምን ያደርጋል?

ጥጥ ሲርስና ሲሞቅ ክሩ ይለሰልሳል። እንፋሎት ጭምድዱን ቶሎ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ችግሩ ጭምድዱን የሚያስለቅቀው ያው ልስላሴ የቁራጩን ቅርጽም ማስለቀቁ ነው። ትልቅ አንሶላ ላይ አይታወቅም። የመዳፍ ያህል ቁራጭ ላይ ግን ይታወቃል።

• ይለጥጣል። በተለይ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ (ለምሳሌ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ) በእንፋሎት ሲተኮስ ዳሩ ይሞገዳል።

• ያሳጥራል። ታጥቦ የማያውቅ አዲስ ጥጥ ሙቅ እንፋሎት ሲያገኘው ሊሰበሰብ ይችላል። አንዱ ቁራጭ ተሰብስቦ ሌላው ሳይሰበሰብ ከቀረ ልካቸው ይለያያል። በእጅ የተሸመነ የሐበሻ ጨርቅ ድርና ማጉ ላላ ያለ ስለሆነ የበለጠ ይንቀሳቀሳል። የጥበብ ቁራጭ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን ልብ በሉ።

• ያንጠባጥባል። ካውያው በደንብ ሳይሞቅ እንፋሎቱ ከተከፈተ ውሃ ይተፋል። ውሃው ውስጡ ከቆየም ቡናማ ወይም ነጭ ዝቃጭ ይዞ ይወጣል። ነጭ ጨርቅ ላይ ካረፈ ቶሎ አይለቅም።

• ቀዳዳው ቦታ ይተዋል። የእንፋሎት ካውያ የታችኛው ብረት ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ያለበት ቦታ ጨርቁን አይጫነውም። ቀጭን ዳርም ሊይዝ ይችላል።

ደረቁ የሚበልጥበት

የደረቅ ካውያ ሆዱ ልሙጥ ስለሆነ ሙቀቱና ክብደቱ በሙሉ ገጹ ላይ ያርፋል። ውሃ ስለሌለው አያንጠባጥብም፣ ቀዳዳው በኖራ አይደፈንም። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ማሞቂያ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያና ገመድ። ሲበላሽ አገር ቤት ያለ ጠጋኝ በቀላሉ ይፈታዋል። ከውሃ ቋትና ከፓምፕ ጋር ሲታገል አይውልም።

ጉድለትም አለው። ብዙዎቹ ርካሽ ደረቅ ካውያዎች ተረስተው ሲቀሩ ራሳቸውን አያጠፉም። አንዳንዶቹ «ዝቅተኛ» ላይ ተደርገውም ይግላሉ። ስለዚህ አዲስ ካውያ በቀጥታ ደህና ጨርቅ ላይ አታሳርፉ። መጀመሪያ በማይፈለግ ቁራጭ ሞክሩት።

እንፋሎት የሚያስፈልግበት ጊዜ

እንፋሎትን ጨርሶ አንጥልም። ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ የከረመ ጥጥ፣ ሊነን ወይም ወፍራም ሱፍ በደረቅ ካውያ ብቻ አይቀናም። ግን እርጥበቱን ራሳችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ውሃ መርጫ ጠርሙስ ወይም የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ይህን የምታደርጉት ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት ነው። ከተቆረጠ በኋላ በደረቁ ቀጥሉ። ቁራጩ ከራሰ ደግሞ እስኪደርቅና እስኪቀዘቅዝ ከጠረጴዛው ላይ አታንሱት፤ እርጥብ እያለ ሲነሳ ነው ቅርጹ የሚበላሸው።

አተኳኮሱ ደረጃ በደረጃ

1. ጨርቁን አስቀድማችሁ እጠቡ፣ አድርቁ። ቀለም የሚለቅና የሚሰበሰብ ካለ ያኔ ይታወቃል።
2. ሳይቆረጥ ተኩሱት። ጭምድዱ ካልወጣ ውሃ ርጩበት።
3. ቆርጣችሁ ከሰፋችሁ በኋላ፣ ገና ሳትገልጡት ካውያውን ስፌቱ ላይ አሳርፉ። ይህ ክሩን ጨርቁ ውስጥ ያስተኛዋል።
4. ከዚያ ግለጡትና የስፌቱን ዳር ወደ ጠቆረው ጨርቅ በኩል አስተኙ። ወደ ነጣው በኩል ካስተኛችሁት ከላይ ጥላው ይታያል።
5. ካውያውን አትጎትቱ። አሳርፉ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆዩ፣ አንሱ፣ ወደሚቀጥለው ቦታ ውሰዱ። ሸሚዝ ስንተኩስ የለመድነው ወዲያ ወዲህ መግፋት እዚህ ጨርቁን ይጎትተዋል።
6. ሥራውን ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጉት። ብዙ የካውያ ጠረጴዛዎች ስፖንጃቸው ወፍራም ስለሆነ ስፌቱ ይሰምጣል። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የታጠፈ የጥጥ ፎጣ ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ ያንጥፉበት፤ ፕላስቲክ ወይም ስፖንጅ ከሥሩ አይሁን።
7. የፖሊስተር ሙሌቱ ከገባ በኋላ በግለት አትተኩሱ። ሙሌቱ ይጨማለቃል ወይም ይቀልጣል።

ነጥቦቹን ማንበብ

ካውያው ላይና የልብሱ ምልክት ላይ ያሉት ነጥቦች የሙቀት ጣሪያ ናቸው። አንድ ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሁለት ነጥብ እስከ 150፣ ሦስት ነጥብ እስከ 200 ነው። ናይለንና አክሪሊክ በአንድ፣ ፖሊስተርና ሱፍ በሁለት፣ ጥጥና ሊነን በሦስት ይተኮሳሉ። ሐር ከሆነ ዝቅ ካለው ጀምሩ።

ቅይጥ ጨርቅ ከሆነ ደካማው ይቅደም። ጥጥ ከፖሊስተር ከተቀላቀለ የፖሊስተሩን ሙቀት ተጠቀሙ። ብዙ ዓባያዎች ከፖሊስተር ስለሚሠሩ የዓባያ ቁራጭ ስትጠቀሙ በግልባጩ፣ በላዩ ስስ ጥጥ አድርጋችሁ ተኩሱ። አለበለዚያ ያብለጨልጫል፤ ካብለጨለጨ ደግሞ አይመለስም።

ሙጫ ያለበት ጨርቅ ሲኖር

በሙቀት የሚጣበቅ ማጠንከሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ከላይም ከታችም የማይፈለግ ጨርቅ ወይም የመጋገሪያ ወረቀት አድርጉ። ሙጫው የእንፋሎት ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ከባድ ነው። አንዳንዱ ማጠንከሪያ እርጥበት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ አይፈልግም፤ ስለዚህ ሲገዛ መመሪያውን ጠይቁ።

ይህ በተለይ ሰው ቤት ለምትሠሩ ነው። የቤቱን ካውያ ለግል ስፌት ተጠቅማችሁ ሙጫው ሆዱ ላይ ከቀረ፣ በማግስቱ የባባን ነጭ ካንዱራ ላይ ያርፋል። ያኔ ጉዳዩ የካውያ መሆኑ ይቀርና የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል። ማዳምን ሳታስፈቅዱ አትጠቀሙ። ከተቻለ የራሳችሁ ይኑራችሁ።

ኤሌክትሪኩ፦ እዚህና አገር ቤት

ተራ ደረቅ ካውያ አብዛኛውን ጊዜ 1000 ዋት አካባቢ ይፈጃል። የእንፋሎቱ 2000፣ 2400፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ 1000 ዋቱ 4.5 አምፔር፣ 2400 ዋቱ ደግሞ 11 አምፔር ገደማ ይስባል። ስስ ማከፋፈያ ገመድ ላይ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ብዙ ሰው በሚኖርበት ክፍል ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ካውያ፣ የውሃ ማፍያና የስልክ ቻርጀር አብሮ መሰካት እሳት ያስነሳል። ካውያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፣ ብቻውን።

ወደ አገር ለሚወስዱት፣ ኃይሉ ችግር የለውም። ኤምሬቶችም ኢትዮጵያም ከ220 እስከ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የሚለየው መሰኪያው ነው። እዚህ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ አገር ቤት ሁለት ክብ እግር ይበዛል። መሰኪያውን ቆርጦ ማንኛውንም ባለ ሁለት እግር ማሰር የተለመደ ነው፤ ግን የመሬት ሽቦው (አረንጓዴና ቢጫው) ተቆርጦ ይቀራል። ካውያው ውስጥ ሽቦ ቢላቀቅ ብረቱ ራሱ ይይዛችኋል። የመሬት ሽቦ የሚይዝ መሰኪያ በኤሌክትሪሽያን አስገጥሙ።

ከየት፣ እንዴት እንግዛ?

ጨርቅ ለሚፈልግ በዱባይ የቡር ዱባይ የጨርቅ ገበያና ሳትዋ፣ በሻርጃ የሮላ አካባቢ የታወቁ ናቸው። ለልምምድ ግን ሙሉ ጨርቅ አትግዙ። ልብስ ሰፊዎች ትራፊ ቁራጭ አላቸው፤ ጠይቁ። ካውያ ስትመርጡ እነዚህን እዩ፦ ሆዱ ልሙጥና ያልተጫረ ይሁን፣ ጫፉ ሹል ይሁን፣ ገመዱ ወፍራም ይሁን፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የደህንነት ምልክት የሆነውን «ጂ» ፊደል ፈልጉ። አንሱት፣ በእጃችሁ መዝኑት። ትንሽ ክብደት ያለው ሥራውን ያግዛል፣ ከመጠን በላይ ከከበደ ግን ክንድ ይጎዳል። ደረሰኝ ያዙ።

ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

• በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኤምሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈልበት እረፍት፣ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት እረፍት ይሰጣል። ከዚህም 8 ሰዓቱ ተከታታይ መሆን አለበት። ስፌቱን በዚህ ጊዜ ተማሩ፤ እንቅልፋችሁን ግን አትሽጡ።

• ለራስ፣ ለልጅ፣ ለስጦታ መስፋት ሌላ ነው፣ ለሽያጭ መስፋት ሌላ። ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው በክፍያ መሥራትም ሆነ መነገድ ሕግ መጣስ ነው፤ ቅጣትና ከአገር መባረር ሊያስከትል ይችላል። «ትንሽ ነገር ናት» ብላችሁ በስልክ አታስተዋውቁ። መረጃ ከፈለጋችሁ የሰው ሀብትና ኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴር በ600590000 ይገኛል።

• ካውያ ካቃጠላችሁ ቶሎ ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ ቦታውን በቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያዙ። በበጋ እዚህ የቧንቧው «ቀዝቃዛ» ውሃ ጣሪያ ላይ ባለው ታንከር ስለሚሞቅ፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ የጠርሙስ ውሃ ቀላቅሉ። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ሊጥ አትቀቡ። ቃጠሎው ከበረታ 998 አምቡላንስ ነው፣ እሳት ከተነሳ 997።

ለማጠቃለል፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋችሁ ልሙጥ ሆድ ያለው ደረቅ ካውያ፣ አንድ የውሃ መርጫና ጠንካራ ጠረጴዛ ነው። በእንፋሎቱ ላይ የምታወጡትን ትርፍ ገንዘብ ጥሩ መቀስና ማስመሪያ ግዙበት። ነገ አገር ገብታችሁ ማሽኑን በር ላይ ስታወጡ መብራቱ ቢዋዥቅ፣ ውሃው ኖራ ቢኖረው ደረቁ ካውያ ሥራ አያስፈታችሁም።