ትዳርን የማስከዳት ክስ

ከባልና ከሚስት ኪዳን ውጭ የሆነ ሦስተኛ ወገን፣ በማባበልም ይሁን በስጦታ ወይም ነገር በመሥራት፣ የአንደኛውን ልብ ከትዳሩ ያሸፈተ እንደሆነ፣ የተበደለው የትዳር ጓደኛ ያንን ሰው በፍትሐ ብሔር ችሎት አቁሞ የሕሊና ጉዳት ካሣ የሚጠይቅበትን፣ በባሕር ማዶ «ኤሊየኔሽን ኦፍ አፌክሽንስ» የሚሉትን ክስ፣ በአማርኛ ትዳርን የማስከዳት ክስ ብንለው የሚስማማ ይመስለኛል። ከጥንት የምናውቀው «ማስኮብለል» የሚለው ቃል ሚስት ከቤት የወጣችበትን ጉዳይ ብቻ ያመለክታል፤ ይህ ክስ ግን ማዕድና መኝታ ሳይለይ ልብ ብቻ የከዳበትን በደል ጭምር ያቅፋል።

የክሱ ሐሳብ ለአገራችን ሕግ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2050፣ ሴቲቱ ባለትዳር መሆንዋን እያወቀ፣ ባልዋ ሳይፈቅድ ትታው እንድትሄድ የገፋፋት ሰው ጥፋተኛ እንደሚሆን ደንግጓል። ካሣውን የሚቆርጠው ዳኛ ርትዕንና የአካባቢውን ልማድ እንዲመለከት ሕጉ ያዝዛል፤ ይሁን እንጂ የሕሊና ካሣ በማናቸውም ሁኔታ ከ1000 ብር እንዳያልፍ ቁጥር 2116 ገደብ አብጅቶለታል። ይህ አመንዝራነትን በባለትዳሩ አቤቱታ ከሚቀጣው ከ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተለየ መንገድ መሆኑ ልብ ይባል፤ የፍትሐ ብሔሩ ክስ የሚፈልገው ካሣ እንጂ እሥራት አይደለምና።

ነገር ግን አንቀጹን በጥሞና ያነበበ ሰው ባልዋን የተነጠቀችውን ሚስት በውስጡ ፈልጎ አያገኛትም። ከእርሱ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ቁጥር 2115 ደግሞ፣ ሚስቱ በሌላ ሰው እጅ አካልዋ ተጎድቶ ጓደኝነትዋ እንደ ቀድሞው ያልጠቀመውና ያላስደሰተው ባል ለራሱ ካሣ ይጠይቅ ዘንድ ይፈቅዳል። ከሁለቱ ድንጋጌዎች በስተጀርባ ያለችው ሚስት የባል ገንዘብ የሆነች ሚስት እንጂ የኪዳን ተካፋይ አይደለችም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትና በአዳማም በሻሸመኔም የሚሠራበት የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በእኩልነት ካቆሙ ወዲህ፣ ይህ ሐሳብ እንዴት በክብር ሊኖር እንደሚችል አይታየኝም።

ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ጎዳና ባል በመኪና መሪ ላይ ብዙ ሌሊት በሚያድርባቸው፣ ሚስትም ለእንጀራ ፍለጋ ዐረብ አገር በምትሄድባቸው በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ፣ «እገሌ ትዳሬን አፈረሰብኝ» የሚለው አቤቱታ ከችሎት አስቀድሞ ከሽማግሎች ፊት መቅረቡ የተለመደ ነው። የኦሮሞ ሽማግሎች ለጃርሱማ፣ ማለትም ለሽምግልና፣ ሲቀመጡ፣ እነርሱም ራሳቸው በሰው ትዳር መካከል የገቡ ሦስተኛ ወገን ናቸው፤ የሚገቡት ግን ለማስታረቅ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ እናት ልጅዋን ስትድር የምታስይዛት ሲንቄ የተባለች ቀጭን በትር አለች፤ ባልዋ የበደላት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ፣ ጩኸትዋን የሰሙት የሰፈሩ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው የየራሳቸውን ሲንቄ አንሥተው ይከተሉዋታል፣ በዳዩም በሽማግሎች ፊት ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ ይጸናሉ። ቁጥር 2050ን መንፈሱን ትቶ በፊደሉ ብቻ የሚተረጉም ሰው፣ ባልዋ ሳይፈቅድ ከቤት በወጣች ሚስት ዙሪያ የቆሙትን እነዚህን እናቶች ከአባባዩ ጋር አንድ ላይ ሊቆጥራቸው ይችላል፤ ይህም ታላቅ ግፍ ይሆናል።

በሌላው ዓለም ክሱ እየከሰመ ሄዷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ አብዛኞቹ ግዛቶች ለማስፈራሪያና ለገንዘብ መንጠቂያ ሆኗል ብለው ሽረውታል፤ ሰሜን ካሮላይናና ሚሲሲፒን የመሳሰሉ ጥቂቶች ግን እስከ ዛሬ ይዘውታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ አስቀርታዋለች። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባለትዳሩ ከትዳር አጋሩ ጋር ያመነዘረውን ሦስተኛ ወገን ካሣ የሚጠይቅበትን ክስ ዘግቶታል።

እኔ በበኩሌ፣ የተበደለ ልብ ያለ ካሣ እንዲቀር አልወድም፤ ክሱ በአገራችን የሚኖር ከሆነ ግን ባልም ሚስትም በእኩል የሚገለገሉበት ሆኖ መታረም አለበት። በአዳማ ችሎት የተቀመጠ ዳኛም እንዲህ ያለ መዝገብ ሲከፈትለት፣ ተከሳሹ ትዳሩን ያውቅ እንደነበረ፣ አስቦ ማባበሉንና ትዳሩ ቀድሞ በራሱ ሕመም ያልፈረሰ መሆኑን ከመመርመሩ በፊት፣ ወጣች የተባለችው ሚስት ከዱላ ሸሽታ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ከዱላ ሸሽታ ከሆነም፣ በሩን የከፈተላት እኅት ወይም ጎረቤት በነፃ ትሰናበት።