የአሮጌው ጠመንጃ እድሳትና የታሪክ ምስክርነቱ

በአገራችን ስለ ጠመንጃ ሲወራ የሚጠሩት ስሞች ራሳቸው የታሪክ መዝገብ ናቸው። ስናድር የተባለው በአሜሪካዊው ፈልሳፊ በያዕቆብ ስናይደር ስም ነው። ውጅግራ ደግሞ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ የሻምበል ባዚል ግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ለበን የኮሎኔል ሌቤልን፣ ምንሽር የኦስትሪያዊውን ማንሊኸርን ስም ይዘዋል። ቤልጅግ ግን የሰው ስም ሳይሆን የተሠራበት አገር ስም ነው። ባላገሩ የባዕዱን ስም ለምላሱ እንዲመች አድርጎ ተቀበለው፤ በፉከራውና በቀረርቶውም አስገባው፤ ከጊዜ ብዛት የተነሣም ስሞቹ ከውጭ የመጡ መሆናቸው ተረሳ።

እነዚህ ጠመንጃዎች ከስማቸው ሌላ የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ። አብዛኞቹ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የአውሮፓ ጦር ሠራዊት ተጠቅሞባቸው፣ የተሻለ ሲያገኝ ከግምጃ ቤቱ ካወጣቸው በኋላ ነው። ይህ ዐይነቱ መሣሪያ የጦር ትርፍ ይባላል። ዛሬ ደግሞ እነዚሁ ጠመንጃዎች ለሁለተኛ ጊዜ ትርፍ ሆነው ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ በተለይም በአሜሪካ እየተገዙና እየታደሱ ለዒላማ ተኩስ ውለዋል። ለመሆኑ አዳሹ በእጁ የገባውን ጠመንጃ ሲያድስ የሚመልሰው ምኑን ነው? የሚያጠፋውስ ምኑን ነው? ይህን ለመመለስ መሣሪያው ያለፈበትን መንገድ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል።

የአንዱ አሮጌ ለሌላው አዲስ

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአውሮፓ መንግሥታት በጠመንጃ አሠራር እርስ በርስ ይሽቀዳደሙ ነበር። ስናድር ራሱ የእድሳት ውጤት ነው። እንግሊዝ በአፈሙዙ የሚጎርሱ እጅግ ብዙ የኤንፊልድ ጠመንጃዎች ስለነበሯት፣ እነርሱን ከመጣል ይልቅ የኋላ ጫፋቸውን አስቆርጣ በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ አስገጠመችላቸው። በዚህ ዐይነት በእ.ኤ.አ. 1866 አሮጌው ጠመንጃ በኋላው የሚጎርስ አዲስ መሣሪያ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ድረስ የዘለቀው ይህንኑ ስናድር ይዞ ነው። ጄኔራሉ ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፍ፣ ጠመንጃና ጥይት ትቶላቸው ሄደ፤ ካሣም በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ።

ሁለተኛው የመሣሪያ ምንጭ የጦር ሜዳ ምርኮ ነበር። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ድል ሲሆኑ ከአሜሪካ የገዙት የሬሚንግተን ጠመንጃ በብዛት በኢትዮጵያውያን እጅ ወደቀ። ሦስተኛው ምንጭ ንግድ ነው። ፈረንሳይ በእ.ኤ.አ. 1886 ጭስ የሌለውን ባሩድ የሚተኩሰውን ሌቤል ስትይዝ፣ የ1874ቱ ግራ በአንድ ጊዜ ያለፈበት ሆነ። በኦቦክና በታጁራ፣ በኋላም በጅቡቲ በኩል ለነጋዴ ቀረበ። ለፓሪስ ያረጀው ለሸዋ አዲስ ነበር።

የዚህን ንግድ ትርፍና ኪሳራ ከሚያሳዩት ሁሉ ይበልጥ የታወቀው የፈረንሳዊው ባለቅኔ የአርቱር ራምቦ ታሪክ ነው። ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በእ.ኤ.አ. 1885 መጨረሻ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የሚሸጠውን ዕቃ አልሸሸገም። ጠመንጃዎቹ ከዐርባ ዓመት በፊት የተጣሉ፣ በሊዬዥ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ሰባት ወይም ስምንት ፍራንክ የሚያወጡ ሲሆኑ፣ ለሸዋው ንጉሥ እስከ ዐርባ ፍራንክ ሊሸጣቸው ያስብ ነበር። ሲራራው በአፋር በረሃ ተጉዞ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ። ይሁን እንጂ ንጉሥ ምኒልክ የመሣሪያን ዋጋ የማያውቁ ገዢ አልነበሩም። ዋጋውን ቀነሱ፤ ጉዞው ሳይጀመር የሞተውን የራምቦን ሸሪክ ዕዳም ከሒሳቡ ላይ አስቀሩ። ነጋዴው ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነው የዚህን ሁሉ ክምችት ፍሬ አሳየ። በዚያ ቀን አንድ የሚያስገርም ነገር ነበር። ጣሊያን ካርካኖ የተባለውን አዲስ ጠመንጃ በእ.ኤ.አ. 1891 ይዛ ሳለ፣ ወደ ዓድዋ ያዘመተቻቸው ብዙዎቹ ወታደሮች የታጠቁት የቀድሞውን ቬተርሊ ነበር፤ ምክንያቱም በግምጃ ቤት የተከማቸውን የቬተርሊ ጥይት መጨረስ ተፈልጎ ነው። ስለዚህ በዓድዋ በሁለቱም ወገን አሮጌ ጠመንጃ ተኩሷል። ከጦርነቱ በኋላ ከ10,000 የማያንስ የጣሊያን ጠመንጃ በድል አድራጊው እጅ ገባ።

ጠመንጃው ወደ ጋሞ ደጋ ሲወጣ

የጠመንጃው ታሪክ በዓድዋ ቢያበቃ ኖሮ የነጻነት ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ያው መሣሪያ በዚያው ዘመን ወደ ደቡብም ዘምቷል። በ1887 ዓ.ም. ወላይታ በብርቱ ጦርነት ተያዘ። በዚያው በ1880ዎቹ የጋሞ ደጋም በምኒልክ መንግሥት ሥር ዋለ።

የጋሞ ሕዝብ በየደሬው ተከፋፍሎ የሚኖር ነበር። የጋራ ጉዳዩን ዱቡሻ በተባለው የሸንጎ ሜዳ ላይ ተቀምጦ በንግግር ይወስናል፤ መሣሪያው ጦርና ጋሻ ነበር። ከሰሜን የመጣው ወታደር ግን ነፍጥ ይዞ መጣ፤ ስሙም ከያዘው መሣሪያ ተወስዶ ነፍጠኛ ተባለ። ለወታደሩ በደመወዝ ምትክ ገባር ተቆጥሮ ተሰጠው። ገባሩ ከምርቱ ይከፍላል፤ ጉልበቱንም ይሰጣል። እንደ ጨንቻ ያሉት የደጋ ከተሞች የዚህ አስተዳደር መቀመጫ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ውጅግራው በየቀኑ መተኮስ አላስፈለገውም፤ በባለቤቱ ትከሻ ላይ መታየቱ ብቻ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ አንድ ዐይነት ጠመንጃ በአንድ ትውልድ ዘመን ሁለት ተቃራኒ ሥራ ሠርቷል። በዓድዋ የውጭ ወራሪን አስቁሟል፤ በጋሞ ደጋ የገባርን ሥርዐት አቁሟል። አንዱን ጠቅሶ ሌላውን የሚተው ታሪክ ጸሐፊ መሣሪያውን በግማሽ ያየ ነው። የመሬቱ ግንኙነት በሕግ ያከተመው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ነው።

ጥይቱም ከመሣሪያነት ያለፈ ዋጋ ነበረው። በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች የግራ ጥይት እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ብር ለማይደርስበት ትንሽ ግዢ ጥይት ይቆጠር ነበር። የተተኮሰ ቀለህም አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተጨምሮበት ዳግመኛ ይሞላል።

ከግምጃ ቤት ወደ ሁለተኛው ገበያ

በ20ኛው መቶ ዓመት አዳዲስ መሣሪያዎች በተራቸው ገቡ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በቤልጅግ አገር፣ በኤርስታል ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ የተሠራው ማውዘር ተገዛ፤ ከነዚህም የይሁዳ አንበሳ ምልክት የተቀረጸባቸው አሉ። በወረራው ዘመን ካርካኖው ከወራሪው ጋር ገባ፤ አርበኛውም እየማረከ ታጠቀው። ከነጻነት በኋላ የእንግሊዝ፣ ከእ.ኤ.አ. 1953 ስምምነት ወዲህ የአሜሪካ፣ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሶቪየት መሣሪያ ተከታተለ። አንዱ ሲመጣ የቀድሞው ወደ ግምጃ ቤት ይገባል እንጂ አይጠፋም። እንዲህ ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመው ልዩ ልዩ ጠመንጃ ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ ወደ አሜሪካ ገበያ በብዛት ደረሰ።

በዚያ አገር የፌዴራል ሕግ መሠረት ከእ.ኤ.አ. 1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ስለሚቆጠር ግዢው ቀላል ነው። ግራውና ቬተርሊው በዚህ ክፍል ይመደባሉ። በኢትዮጵያ ግን በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝም ሆነ መጠገን የተከለከለ ነው። በመሆኑም የአገሩን አሮጌ ጠመንጃ እየፈታ የሚመረምረው በአብዛኛው የሩቅ አገር ሰው ሆኗል።

የእድሳቱ ሥራ

ዕውቀት ያለው አዳሽ ሥራውን የሚጀምረው ጠመንጃው አለመጉረሱን በማረጋገጥ ነው። ከዚያ ምንም ነገር ሳይነካ ቁጥሩን፣ የፋብሪካውን ማኅተምና በላዩ ያለውን ምልክት ሁሉ ይመዘግባል። ቀጥሎ የደረቀውን ቅባትና ዝገት በዘይትና ለስላሳ በሆነ የነሐስ ብሩሽ ቀስ ብሎ ያስለቅቃል። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍግ ሰው ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ማኅተሙንም አብሮ ያነሣል፤ የተነሣው ማኅተም ተመልሶ አይመጣም። እንጨቱም እንዲሁ ነው። ይታጠባል፤ የተልባ ዘይት ይጠጣል፤ መላግ ግን አይገባውም።

ሁለተኛው ተግባር መሣሪያው ለመተኮስ የሚበቃ መሆኑን መለየት ነው። በበርሜሉ ውስጥ ያሉት ጥምዝ ቦዮች ይታያሉ፤ በርሜሉ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ እንደሆነ ይመረመራል። መዝጊያው ሲቆለፍ በእርሱና በጥይቱ ቂጥ መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ ይለካል። ክፍተቱ ከልክ ካለፈ ቀለሁ በተኩስ ጊዜ ተቀድዶ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ይህን ፈተና ያላለፈ ጠመንጃ በግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይሻላል።

ሦስተኛው የጥይት ጉዳይ ነው። ስናድር፣ ሬሚንግተን፣ ግራና ቬተርሊ የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ የሌለው ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት ከዚያ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ዘመናዊ ባሩድ ያለ ዕውቀት የሚሞላ ሰው በርሜሉን ከነመዝጊያው ሊያፈነዳ ይችላል። የእነዚህ ጠመንጃዎች ጥይት ፋብሪካ ከማምረት ካቆመ ብዙ ዘመን ስለሆነው፣ የዒላማ ተኳሾች ቀለሁን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ለምሳሌ የስናድሩን ቀለህ ከ24 ቁጥር የአደን ጠመንጃ የናስ ቀለህ ቆርጠው ያወጣሉ፤ ለስላሳ እርሳስ ያቀልጡና በቅርጽ ያፈስሳሉ። ከተኩስ በኋላ ጥቁር ባሩድ የሚተወው ዝቃጭ እርጥበት ስለሚስብ፣ በርሜሉ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ካልታጠበ ይበላሻል። የሸዋውም የጋሞውም ባለ ጠመንጃ ይህንኑ ያውቅ ነበር።

እስከዚህ ያለው የሙያ ጉዳይ ነው። የሚያስቸግረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከኢትዮጵያ በወጡት ጠመንጃዎች ላይ የባለቤቶቻቸው እጅ በግልጥ ይታያል። የተሰነጠቀው የሰደፍ አንገት በጥሬ ቆዳ ተጠፍሮ ይገኛል፤ ቆዳው እርጥብ ሳለ ይጠመጠምና ሲደርቅ ከብረት ማሰሪያ በማይተናነስ ኃይል ያጠብቃል። ሌላው በሽቦ ታስሯል፤ ሌላው በናስ ቁራጭ ተለብጧል። ፋብሪካው የሠራውን መልክ ብቻ የሚፈልግ አዳሽ ይህን ሁሉ ቆርጦ ይጥልና አዲስ ሰደፍ ይገጥማል። ጠመንጃው ያምራል፤ ዒላማውንም ይመታል። ነገር ግን ከፈረንሳይ ግምጃ ቤት ትናንት የወጣ መስሎ ይታያል። በኢትዮጵያ የቆየበት ዘመን በሙሉ ከላዩ ተወግዷል።

ምስክሩን ማቆየት

በዚህ ምክንያት የሚሠራውን ክፍልና የሚመሰክረውን ክፍል ለይቶ ማየት ይገባል። የተኳሹን ደኅንነት የሚነካው፣ ማለትም በርሜሉ፣ መዝጊያው፣ ምላጩና መቺው፣ ያለ ይሉኝታ ሊታደስ ይገባዋል። ቆዳው፣ ሽቦው፣ በሰደፉ ላይ የተቀረጸው ምልክት ግን ሌላ ሰነድ የማይተካው ማስረጃ ነው። መነሣት ግድ ቢሆንበት እንኳ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከነቁጥሩ ከተመዘገበ በኋላ መቀመጥ እንጂ መጣል የለበትም። ይኸው ግዴታ ከሁሉ አስቀድሞ ያለው ግምጃ ቤቱን ባዶ በሚያደርገው ወገን ላይ ነው፤ ያልተመዘገበ ጠመንጃ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ከየትኛው አውራጃ እንደ ተሰበሰበ የሚናገር አይኖርም።

ጉዳዩ ከሴቻ ሆኖ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ሴቻ የአርባ ምንጭ ከተማ የላይኛው ክፍልና የመሥሪያ ቤቶች መቀመጫ ነው፤ የገበያው ክፍል ሲቀላ ከታች ሜዳው ላይ ይገኛል። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከጨንቻ የጋሞ ጎፋን ዋና ከተማነት ስትረከብ፣ የነፍጠኛው ዘመን አስተዳደር ከደጋው ወርዶ እዚህ ሰፈረ። በዚህችው ከተማ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡራዩ ግፍ ያስቆጣው ወጣት ለበቀል ሲነሣ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። የዱቡሻው ልማድ ከነፍጡ ዘመን በፊት ነበረ፤ ከነፍጡም ዘመን በኋላ ተገኘ።

እርጥብ ሣር ይደርቃል፤ በሙዚየም አይቀመጥም። የሽማግሌዎቹ ሥራ የሚቆየው በሰው ትውስታ ነው። ጠመንጃው ግን ብረት ስለሆነ ይቆያል፤ ስለ ዓድዋም ስለ ገባሩም የሚመሰክረው ያላዩትን ለማሳየት ነው። ለዒላማ የሚያድሰው ሰው በወረቀት ላይ የተሳለውን ክብ ቢመታበት የሚነቀፍ አይደለም፤ ለጠመንጃውም ከቀድሞው የተሻለ ሥራ ነው። የሚጠየቀው ነገር አንድ ነው፤ የጠመንጃውን ዝገት ሲያጸዳ ታሪኩን አብሮ እንዳያጸዳው።